እሳትና ደም ካልሆነ

አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋ ከማዶ ሁለቱን። ወጠር አድርገው ያራግፉታል፣ እጥፍ ያደርጉታል፣ ከዚያ ወደ መሐል ተራምደው ጫፍ ለጫፍ ይገጥማሉ። እጅ ለእጅ ሲነካኩ አንድ ነገር ይባባላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው፤ ራቅ ራቅ ብለን ከቆምን የማሽኖቹ ጩኸት ወሬ አያስወራንም። ስለዚህ እኔና እሷ ዓመታት ሙሉ የተጫወትነው በየአንሶላው መሐል እየተቆራረጠ ነው። የቀረውን ደግሞ፣ ቤታችን አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ፣ ሳልፈልግም ሰምቼዋለሁ።

«ተማሪዋ» ነው የምንላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ያወጣሁላትም ለፌዝ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጫፍ ልንገጥም ስንቀራረብ፣

«እትዬ፣ ትምህርት ልጀምር ነው» አለችኝ።

ወደኋላ ሄድኩ፤ ተመለስኩ። «የምን ትምህርት?»

«ያቋረጥኩትን። ከሥራ በኋላ ባለው ፈረቃ ተመዝግቤያለሁ።»

እንደገና ሄድኩ። ስመለስ አንሶላው ከእጄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም። «ሁለት ፍሬ ልጅ ይዘሽ? ባልሽ መንገድ ላይ፣ አንቺ እዚህ በረኪና ውስጥ፤ መቼ ልታጠኚ ነው? በህልምሽ?»

«በህልሜም ቢሆን» ብላ ሳቀች።

ምሳ ሰዓት ላይ ወሬውን ለሁሉም ዘራሁት። «ተማሪ ሆይ፣ የቤት ሥራሽን ሠራሽ?» «ተማሪ ሆይ፣ ጥፍርሽን አሳዪን!» ስንላት ዋልን። እሷ የሚያስቀይም ነገር እንኳን ሲነግሯት ትስቃለች። በኋላ አለቃችን ሳይቀር ተማሪዋ ማለት ጀመረ፤ ፌዙም ቀስ እያለ ከስሙ ላይ ለቀቀ።

ልጅ ሳለች ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት ነው እናቷ አልጋ ላይ የዋሉት። አስታማሚ ሆና ቤት ቀረች። እናቲቱ ሲያርፉ እሷ ደብተሮቿ የት እንዳሉ እንኳን ረስታ ነበር። ከዚያ ሹፌሩ አገባት፤ ከዚያ ልጅ መጣ፤ ከዚያ ሌላ ልጅ። ሹፌሩ የሚነዳው ትልቅ የጭነት መኪና ነው። ሲመጣ ሁለት ቀን ይተኛል፣ ልጆቹ ሆዱ ላይ ይጨፍራሉ፣ ከዚያ ተነሥቶ ይሄዳል። ክፉ ነው ልበል ብል አፌ አይታዘዘኝም። ክፉ አይደለም፤ ብቻ የለም።

ትምህርቱን የፈለገችው ለስም አይደለም። ሆስፒታሉ በየዓመቱ ከራሱ ሠራተኞች መሐል ጥቂቶቹን መርጦ ረዳት ነርስ እንዲሆኑ ያስተምራል። የተመረጠ ሰው ከምድር ቤት ወጥቶ ወደ ፎቅ፣ ወደ ሕሙማኑ ይሄዳል። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ የመጨረሻውን ክፍል ፈተና ማለፍና ዕድሜ ከሠላሳ አለመብለጥ። እሷ ሠላሳዋን ልትደፍን ነበር። ፈተናው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው። ዘንድሮ ካለፈች አለፈች፤ ካላለፈች በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ለመሆኑ ፎቅ ላይ ምን አለ ብለሽ ነው?» አልኳት አንዴ። «በሽተኛ ነው ያለው። ትውኪያና ሽንት ነው።»

«እሱንማ እዚህም እያጠብኩት አይደል?» አለች። ሄዳ ተመለሰች። «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አንሶላቸውን ሳጥብ ሰዎቹን አንድ ቀን አላየኋቸውም።»

መልስ ሲጠፋኝ እቆጣለሁ፤ ፀባዬ ነው። «ባክሽ ወጠር አድርጊው!» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ግን ጉዳዩ የእኔም ሆነ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ከሥራ መልስ እሷ ወደ ትምህርት ቤት ስትበር ልጆቹ እኔ ጋ ይመጣሉ። ትልቋ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ የነገሯትን ነገር ቃል በቃል የምትይዝ ልጅ። ትንሹ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጉንጩ ከፊቱ ይበልጣል፤ ድንቡሼ ነው የምንለው። ሾርባ አጠጣቸዋለሁ፣ እግራቸውን አጥባለሁ፣ እናታቸው እስክትመጣ አልጋዬ ላይ ይተኛሉ።

ሥራ ላይ ደግሞ አስጠኚ ሆንኩ። እኔ ከፊደል ብዙም አልራቅኩም፤ ግን ጥያቄዎቹን እሷው ጠዋት ታስጠናኛለች፣ እኔ ደግሞ በየአንሶላው መልሼ እጠይቃታለሁ። ስንቀራረብ «ልብ ስንት ክፍል አለው?» እላለሁ። «አራት» ትላለች፣ እንራራቃለን። «የእኔ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱንም ለልጆችሽ አከራይቼዋለሁ» ስላት በሳቅ ፍርስ ትላለች። አለቃችን ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይመጣና «እዚህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ማጠቢያ?» ይለናል። ሥራው እንዳልተበደለ ሲያይ አጉረምርሞ ይሄዳል። እሱም ልቡ ከእሷ ጋር ነበር።

ትልቁ ችግር ቤት ነበር። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው፣ ከመጋረጃው ወዲህ መስኮቱ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ። የዕረፍት ቀኗ ሲሆን እዚያች ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ ደብተሩን ከመክፈቷ ልጆቹ ይከመሩባታል። «እማዬ ውሃ!» «እማዬ ሽንቴ!» «እማዬ መታኝ!» ድንቡሼ ጀርባዋ ላይ ይወጣና ፀጉሯን ይዞ ይንጠለጠላል። አንድ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል።

ፀጉሯን እንዳይጎትት ብላ ነው መጀመሪያ ሻሽ ያሰረችው። ሰማያዊ ሻሽ ነበር፤ የእናቷ። ከዚያ ከሻሹ አንድ ዘዴ መጣላት። ያን ቀን ደጃፏ ላይ ተቀምጬ ድንች እልጥ ነበር፤ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆቹን አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸውና፣

«ስሙኝማ» አለቻቸው። «ሻሽ ካሰርኩ እማዬ የለችም። ሄዳለች። ይቺ ተማሪ ናት፤ አታውቋትም። ሻሹን ስፈታ እማዬ ትመጣለች። እሺ?»

«የት ትሄዳለች?» አለች ትልቋ።

«ትምህርት ቤት።»

«እዚሁ ሆና?»

«እዚሁ ሆና።»

ልጅቷ አሰበች። ስታስብ ከንፈሯን ትነክሳለች። «ቤቱ በእሳት ቢቃጠልስ?»

«በእሳት ከተቃጠለማ ጥሪኝ» አለች እናቷ እየሳቀች።

«እሱ ወድቆ ቢደማስ?»

«ከደማም ጥሪኝ። እሳትና ደም ከሆነ ትጠሪኛለሽ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ሻሹ እስኪፈታ ይቆያል። አንቺ ትልቅ ነሽ አይደል? አንቺ ትጠብቂዋለሽ።»

«ይቺ ልጅ ጠበቃ ትሆናለች!» አልኩ እኔ ከደጃፉ። ሦስታችንም ሳቅን፤ ድንቡሼም ስንስቅ አይቶ ሳቀ።

ነገሩ እንደ ተአምር ሠራ። እሷ ሻሹን ስታስር ቤቱ እርጭ ይላል። መጋረጃው ጀርባ ትልቋ በሹክሹክታ ታጫውተዋለች፣ ዳቦ ትቆርስለታለች፣ ሲነጫነጭ አፉ ላይ ጣቷን ታደርጋለች። ሻሹ ሲፈታ ደግሞ እናቲቱ እጇን ዘርግታ «መጣሁ!» ትላለች፤ ሁለቱም ከአልጋው ዘለው አንገቷ ላይ ይጠመጠማሉ። ጭቅጭቅ የነበረው ነገር ጨዋታ ሆነ።

ትልቋን ዘበኛዋ እንላት ጀመር። ዘበኛ ናት በእውነት። አንድ ቀን አከራያችን የውሃ ቧንቧውን ጉዳይ ልታነጋግራት መጣች፤ ዘበኛዋ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ፣

«እማዬ የለችም» አለቻት።

«ያቻትሳ እዚያ የተቀመጠችው?»

«እሷ ተማሪ ናት።»

«ዓይኔ ነው የሚዋሸኝ?» አለች አከራያችን።

«ነገ ይምጡ» አለቻት ልጅቷ። ሴትዮዋ እኔ ቤት ገብታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ሰፈሩ ውስጥም ለስንቱ እንዳወራችው አይቆጠርም።

የሙከራ ፈተናውን ተማሪዋ ጥሩ አድርጋ ሠራች። የሒሳብ አስተማሪዋ፣ እሷን በዕድሜ የማይበልጥ ልጅ ነው፣ «እህቴ፣ እንዲህ ከቀጠልሽ ታልፊያለሽ» አላት። ይህን ስትነግረኝ አንሶላውን ይዛ መራመድ አቃታት፤ መሐል ላይ ቆመች። እጇ በበረኪና ተልጦ የቀላ ነው፤ በዚያ እጇ ፊቷን ሸፈነች። «የታጠበውን ልታረጥቢው ነው?» ብዬ ተቆጣኋት።

ፈተናው ሰኞ ጠዋት ነበር። እሁድ ተረኛዋ እሷ ነበረች፤ ተራዋን እኔ ልግባላት ብዬ አለቃችንን ለመንኩት። እሺ አለ። «አንቺ ነገ ከወንበርሽ እንዳትነሺ» አልኳት ቅዳሜ ማታ። «የአንቺን አንሶላ እኔ አጥፍልሻለሁ።» ጉንጬን ሳመችኝ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ነበር፤ ስልክ ደውሎ «በርቺ» ብሏታል።

እሁድ ጠዋት የሆነውን የነገረችኝ በኋላ ነው። ቁርሳቸውን አበላቻቸው። ድንቡሼ ትንሽ ነጭነጭ ብሎ ነበር፤ ዳቦውን አልጨረሰም። ግንባሩን ዳሰሰችው፤ ለብ ከማለት ያለፈ ነገር የለውም። የመንጋጋ ጥርሱ እየወጣ ስለሆነ እሱ ነው አለች። ምሳቸውን በሳህን አድርጋ አልጋው አጠገብ አስቀመጠች፣ ጆሮዋን በጥጥ ደፈነች፣ ሻሹን አሰረች።

ከሰዓት በኋላ አንዴ ተነሥታ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አይታለች። ዘበኛዋ ወንድሟ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እሱ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ለብሷል፤ ዓይኑ ተከድኗል። እናቲቱ በዓይኗ ብቻ «ተኛ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ውሸት አልነበረም፤ ልጅቷ የተኛ መስሏት ነው። እናቲቱ ዛሬስ ቀኔ ነው ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

እኔ ከሥራ ስመለስ ፀሐይዋ ከግቢው ልትወጣ ነበር። ለልጆቹ ትኩስ ዳቦ ይዣለሁ። ተማሪዋን በመስኮቱ አየኋት፤ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ላልረብሻት ብዬ በእግሬ ጣት ገባሁና መጋረጃውን ገለጥኩት።

ዘበኛዋ አልጋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። አንዷ እጇ ወንድሟ አፍ ላይ ነው። ግንባሩ ላይ የራሷን ካልሲ ውሃ ነክራ አድርጋለታለች። እኔን ስታይ በሌላዋ እጇ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እሽሽ» አለችኝ። «እማዬ የለችም።»

ልጁን ነካሁት። እሳት ነው። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፤ የሚያየው ነገር ግን የለም። አንገቱን ላቃናው ብል እንጨት ሆኖ እምቢ አለኝ። እጇን ከአፉ ላይ ሳነሣው ትንሽ ድምፅ አወጣ፤ ማልቀስ የሰለቸው ልጅ ድምፅ። ዳቦው የት እንደወደቀ አላውቅም።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?» አልኳት፤ ጮኼ ነው መሰለኝ። «ለምን አልጠራሻትም? ለምን?»

ልጅቷ በእነዚያ ትልልቅ ዓይኖቿ አየችኝ። ገና ያኔ ነው መፍራት የጀመረችው።

«እሳት የለም» አለች። «ደምም ፈለግሁ። አገላብጬ አየሁት፤ የለውም።»

ተማሪዋ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ጥጡን ከጆሮዋ ያወጣችው መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ይህን ግን ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁርጥራጩን ነው የማስታውሰው። ሻሹን ከራሷ መንጭቃ የልጁን ራስ ጠቀለለችበት፣ ባዶ እግሯን ወጣች። እኔ ትልቋን አዝዬ ከኋላዋ ሮጥኩ። የሄድንበት ሆስፒታል የምንሠራበት ነው። ዕድሜ ልካችንን በጓሮ በር ነበር የምንገባው፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ለፊቱ ገባን። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ልጁ እጅ እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ነርሶቹ ከእጇ ላይ ነጥቀው ወሰዱት።

ዶክተሯ ወጣት ናት። እየሠራች ትጠይቃለች። «መቼ ጀመረው?»

እናቲቱ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ሥራ ነበርኩ። መልሱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ጀርባዬ ላይ ነች።

«እማዬ የሄደች ጊዜ» አለች።

ዶክተሯ ቀና ብላ እናቲቱን አየቻት። «የት ሄደሽ ነበር?»

«እዚያው ነበርኩ» አለች ተማሪዋ። ዶክተሯም ደግማ አልጠየቀችም።

ማጅራት ገትር ነው አሉን። መርፌ ወጉት፣ መድኃኒት ሰቀሉለት፣ ልጆች የሚተኙበት ክፍል አስገቡት። እሱን የተኛበት አንሶላ ላይ ሳየው ጥጉ ላይ ያለው መተኮሻ ያሳረረው ቡናማ ምልክት ዓይኔ ውስጥ ገባ። አውቀዋለሁ፤ በዚያው ቀን ያጠፍኩት አንሶላ ነው። እሷ ልጇ ሥር ያለውን አንሶላ በመዳፏ እያለሰለሰች እስኪነጋ ተቀመጠች። የአንሶላ ሰው የሚያውቀው ይኸንኑ ነው።

ጠዋት ልጁ ገና አልነቃም። ትንፋሹ ግን ረጋ ብሏል። «ሂጂ» አልኳት። «እኔ እዚህ አለሁ። ሂጂና ተፈተኝ። እዚህ ተቀምጠሽ የምታደርጊለት ነገር የለም።»

«ዶክተሯ ትምጣና አንድ ቃል ትንገረኝ» አለች። «አንድ ቃል ብቻ እትዬ፤ ከዚያ እሮጣለሁ።»

ዶክተሯ አልመጣችም። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ያገኘሁትን ነጭ ጋዎን ሁሉ ለመንኩ። ከታች ሌላ ልጅ በመኪና ተገጭቶ መጥቷል፤ ሁሉም እዚያ ነው አሉኝ። በማን ልቆጣ? የተገጨውን ልጅ ልቆጣ? ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሄዳል፤ እሷ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ ልጇን፣ አንዴ በሩን ታያለች። ሦስቱ መሐል እጅ እግሯ ተሳሰረ።

ዶክተሯ ስትመጣ ላብ በላብ ሆና ነው። ልጁን ዳሰሰች፣ ዓይኑን ገልጣ አየች። «ከአደጋው ወጥቷል» አለች። ተማሪዋ እጇን ሳመቻትና በእኔ ጫማ ሮጠች።

በሩ ላይ የሆነውን የነገረችኝ ከሳምንታት በኋላ፣ እንደ ልማዳችን አንሶላ ስናጥፍ ነው። ስንቀራረብ፣ «ስደርስ ተዘግቷል» አለች። ሄደች፤ ተመለሰች። «ከተጀመረ ወዲህ ማንም አይገባም አለኝ ጥበቃው። ልጄ ሆስፒታል ነው ስለው ዓይኑ እንባ ሞላ።» ሄደች፤ ተመለሰች። «ደንቡ ነው እህቴ አለኝ። እኔም እንጀራዬ ነው አለኝ።»

«ታዲያ አንቺ ምን አልሽው?»

አንሶላውን ጫፍ ለጫፍ ገጠመች። «አልፈርድብህም አልኩት። የተነገረውን ነው የጠበቀው።»

እኔ ቁጡ ሴት ነኝ፤ ሰፈሩ ይመስክር። ያን ሰሞን ግን የምቆጣው ሰው ፈልጌ አጣሁ። ሥልጠናውን የሚመራውን ሰውዬ ቢሮው ድረስ ወጥቼ የዕድሜዋን ነገር አንድ በልልን አልኩት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ «እናቴ፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለኝ። ፈተናውን ከርሞ መውሰድ ትችላለች፤ ሥልጠናው ግን ከሠላሳ በላይ አይቀበልም። ቢያመናጭቀኝ ኖሮ ደስ ባለኝ። ሹፌሩ መጣ፤ ልጁን አቅፎ በር ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሱን ምን ልበለው? የግቢው ሴት ሁሉ ሾርባ ይዞ መጣ፤ ሁሉም «ዋናው ልጁ መዳኑ ነው» ይላል። ልክ ናቸው። ልጁ ድኗል፤ ዛሬ ደጃፌ ላይ እንደ በፊቱ ይጨፍራል። እሷም «እሱማ ነው፣ ተመስገን» ትላቸዋለች። ሲወጡ ግድግዳው ዝም ይላል።

ሻሹ ልጆች ክፍል ከነበረው ልብስ ጋር ተጠቅልሎ ወደ እኛ ወርዶ ነበር። ከማሽኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በረኪናው ሰማያዊውን በልቶት ወይቧል። ልደብቀው አሰብኩ፤ እሷ ቀድማ አየችው። ብቻዋን አጣጠፈችው፤ ትንሽ ጨርቅ ስለሆነ ሁለት ሰው አይፈልግም። ከዚያ መወልወያ ጨርቆቹ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሷ ላይ ምንም አታስርም። ሥራ ላይ ቆብ ግዴታ ነው፤ እሱንም የግቢው በር ጋ ሳትደርስ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ደብተሮቹን ምን እንዳደረገቻቸው አልጠየቅኋትም። ጠረጴዛዋ ላይ አሁን የልጅቷ ደብተር ነው ያለው፤ ዘበኛዋ ትምህርት ጀምራለች።

ባለፈው ሳምንት ነው። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ ተማሪዋ ከፊት ለፊቴ በራፏ ላይ ዕቃ ታጥባለች። ፀጉሯ እንደተለቀቀ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጣች። ቦርሳዋን አላወረደችም፤ ቀኝ እጇን ሹራቧ ውስጥ ከታለች። እናቷ ፊት ቆማ ትንሽ ጠበቀች።

«እማዬ» አለች። «አለሽ?»

ተማሪዋ የያዘችውን ሳህን ውሃው ውስጥ ለቀቀችው። «አለሁ የእኔ እናት። አለሁ።»

ልጅቷ አላመነችም። ዞራ ከኋላዋ ሄደች፤ አንገቷ ላይ የሻሽ ቋጠሮ እንዳለ እንደሌለ አየች፤ ተመልሳ ፊቷ ቆመች። ከዚያ ነው እጇን ከሹራቧ ያወጣችው። የክፍላቸው በር የተዘጋበት ጣቷ አብጦ ጠቁሯል።

«ከጠዋት ጀምሮ ነው» አለች። «ግን አልደማም።»